ያልተበጠሰው ገመድ

«እንደገና ከመጀመሪያው!» አለ ኤጀታ ሳሎን ውስጥ፣ ኪቦርዱን እየነካ። መዘምራኑ ጀመሩ። የሜቲ አባት ከመኝታ ቤት ተቀበላቸው፤ ግን ዘግይቶ ገባ። ከዘማሪዎቹ አንዷ ሳቀች።

ሜቲ አባቷ አልጋ አጠገብ ቆማ ሳቁን ሰማችው። እሱም ሰምቷል። ባምባሲ ከተማ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት መዘምራን የመራ ሰው ነው። ከሞተር ወድቆ እግሩና ጭንቅላቱ ከተጎዳ ወዲህ ልምምዱ ወደ ቤታቸው መጥቷል፤ እሱም አልጋው ላይ ሆኖ አጠገቡ ባለ ስፒከር እየሰማ ይመራቸዋል።

«መዝሙሩን ሁለት ጊዜ ነው የምሰማው» አላት ቀስ ብሎ። «መጀመሪያ ከሳሎን፣ ቆይቶ ደግሞ እዚህ። ባለፈው እሑድ ደህና ነበርኩ። ሜቲዬ፣ ጭንቅላቴ እየባሰበት ነው መሰለኝ።»

ሜቲ ክው አለች። ባለፈው እሑድ ስፒከሩ ከሳሎን ጋር የተገናኘው በረጅም ገመድ ነበር። ዛሬ በብሉቱዝ ነው፤ ብሉቱዝ ደግሞ ድምፁን ትንሽ ያዘገየዋል። «ለማንም እንዳታውሺ» የተባለችውን ገመድ ለጓደኛዋ ለሩሐማ አውሳ፣ አባቷ ሲጠይቃት «ተበጠሰ» ብላዋለች። ሩሐማ ትናንት መልሳላታለች። ገመዱ ይኸው ደህና ሆኖ ደብተር ቦርሳዋ ውስጥ አለ።

«ኤጀታን ጥሪልኝ» አለ አባቷ። «ከዛሬ ጀምሮ እሱ ይምራ።»

ኮሪደሩ ላይ ያገኘቻት ልምምዱን ልታይ የመጣችውን ሩሐማን ነው። ሁሉንም በሹክሹክታ ነገረቻት።

«አታካብጂ ባክሽ!» አለች ሩሐማ። «ነገ ‹ተጠገነ› ብለሽ ታወጪዋለሽ። ማን ያውቃል?»

«እስከ ነገስ?» አለች ሜቲ።

ኤጀታን አልጠራችም። ተመልሳ ቦርሳዋን ከፈተችና ገመዱን አባቷ ብርድ ልብስ ላይ አስቀመጠችው።

«አባ፣ ጭንቅላትህ ደህና ነው። የሚያዘገየው ብሉቱዙ ነው። ገመዱ አልተበጠሰም፤ ለሩሐማ አውሼው ነው የዋሸሁህ።»

አባቷ ገመዱን አንስቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቹ እየዳሰሰ የተበጠሰ ቦታ ፈለገ። አላገኘም። ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ተነፈሰና አንዱን ጫፍ ስፒከሩ ላይ ሰክቶ ሌላውን ሰጣት።

«ሰኪው።»

በመዘምራኑ መሃል አልፋ ሰካችው። ኤጀታ ኪቦርዱን ነካ፤ መዘምራኑ ጀመሩ፤ አባቷ ከነሱ እኩል ገባ። የሳቀ አልነበረም። ሜቲ እንባዋ መጣ።

ሩሐማ ከውጭው በር ላይ «ነይ፣ እንውጣ» ብላ በእጇ ጠቀሰቻት። ሜቲ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። መዝሙሩ ሲያልቅ አባቷ የሚላት ነገር እንዳለ ታውቃለች። መኝታ ቤት ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እስኪጨርስ ጠበቀችው።