አስተርጓሚዋ ሚስራ

«ሂን ጂሩ ጄዲ!» አለች ዓፊያ፣ የልጇን ጭን ከጠረጴዛው ስር ቆንጥጣ። «የለም በያት» ማለቷ ነው።

የሚስራ ጭን ተቃጠለ። ከፊታቸው የደሴ ሆስፒታሏ ሲስተር ማንጠግቦሽ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። የጠየቀችው ደግሞ አንዲት ነገር ናት፦ «ከቤተሰብ የጡት ካንሰር ይዞት የሚያውቅ ሰው አለ? እናት፣ እህት፣ አክስት?»

አለ እንጂ! የዓፊያ እናት በሱ ነው የሞተችው። ታላቅ እህቷም እንደዚያው። ሰው የሚያውቀው ግን «ሆዷን ነው ያመማት» የሚለውን ነው፤ ቤተሰቡ ተማምሎ ነዋ የደበቀው። አሁን ደግሞ ለሚስራ ታላቅ እህት፣ ለኢክላስ፣ ሽማግሌ ተልኳል። የከተማቸው የጨፋ ሮቢት ወሬ እንደሁ ከባጃጅ ይፈጥናል። «ዘራቸው ላይ አለ» ከተባለ በቃ፣ ሽማግሌው በመጣበት እግሩ ይመለሳል።

«ምን አሉ?» አለች ማንጠግቦሽ። ኦሮምኛ አትሰማም። የዓፊያ አማርኛ ደግሞ ገበያ ላይ ዋጋ ከመከራከር አይዘልም። መሀል ላይ ያለችው ሚስራ ብቻ ናት።

«የለም ነው የምትለው» አለች ሚስራ።

ማንጠግቦሽ «የለም» ብላ ጻፈች።

ሚስራ እኮ እንዲህ በቀላሉ እሺ የምትል ልጅ አይደለችም። እናቷን ደሴ ድረስ ያመጣቻት ራሷ ናት። ዓፊያ ጡቷ ላይ የወጣውን እብጠት ያሳየቻት ቀን፣ «ደሴ ሄዳ እስክትታይ ድረስ ከሚሴ ትምህርት ቤት እግሬ አይረግጥም» ብላ ሳምንት ሙሉ ቁጭ አለች። አጎቷ ዓብዱ ተቆጣ። «የራጅ ማሽኑ ጡት ይቆርጣል አሉ! ደግሞ አንቺ ልጅ ምላስሽ ረዘመ!»

«እብጠቱ ከሚያድግ ምላሴ ቢረዝም ይሻላል!» አለችው።

ጥያቄው አለቀና ወደ ማሽኑ ክፍል ገቡ። ዓፊያ ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ የዘይት መጭመቂያ ነው!»

ሚስራ ተረጎመችው፣ ማንጠግቦሽ ሳቀች። «ንገሪያቸው፣ አይቆርጥም። ከወገብ በላይ ብቻ ያወልቃሉ፣ ሻሻቸው ይቆይ። በሩ ተቆልፏል፣ ወንድ አይገባም። የአንገት ሀብላቸውን ይዘሽ ቁሚ።» ከዚያ አነፈነፈች። «ሽቶ ተቀብተዋል እንዴ?»

ተቀብታለች! ሰው ፊት ልቀርብ ነው ብላ ግማሽ ጠርሙስ ደፍታ ነው የመጣችው።

«ብብት ስር የተቀቡት ነገር ፎቶው ላይ ነጠብጣብ መስሎ ያሳስታል» አለች ማንጠግቦሽ፣ እርጥብ ፎጣ እየሰጠቻት።

«ያን የመሰለ ሽቶ!» አለች ዓፊያ እየጠረገች። «ወላሂ ለሰርግ እንኳን እንደዚህ አልቀባም።»

ማንጠግቦሽ አስተካክላ አቆመቻት። አንዱን ጡት ጠፍጣፋው ሰሌዳ ላይ አስቀመጠች፣ ከላይ ሌላ ፕላስቲክ ወርዶ ተጫነው። «ጥቂት ሰከንድ ነው። ከያንዳንዱ ሁለት፣ በጠቅላላ አራት ፎቶ። በጣም ካመማቸው ይናገሩ፣ አላላዋለሁ።»

«ስድስት ልጅ ወልጄ ለዚች ነው የምጮኸው? ጫኚው በያት!»

ማንጠግቦሽና ሚስራ ከመከለያው ጀርባ ገቡ። «ትንፋሽ ይያዙ!» ሚስራም በኦሮምኛ ጮክ ብላ ደገመችው። ማሽኑ እዝዝ አለና ፕላስቲኩ ተነሳ። ሦስተኛው ላይ የዓፊያ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ከንፈሯን ነክሳ ማሽኑን ጠላቷ ይመስል አፈጠጠችበት። ድምፅ አላወጣችም። አራተኛው አለቀ።

«ይሄው ነው?» አለች። «ለዚች ነው ዓብዱ ያን ሁሉ ያስፈራራኝ?»

ዓፊያ ልትለብስ ከመጋረጃው ጀርባ ስትገባ፣ ማንጠግቦሽ ቅጹን አነሳች። «ሐኪሙ ፎቶውን ከዚህ ጋር አድርጎ ነው የሚያየው። ተጨማሪ ምርመራ ብሎ ቢጠራችሁ አትደንግጡ። መጠራት ማለት ካንሰር ማለት አይደለም።»

ሚስራ ቅጹን አየችው። «የለም» የምትለዋ ቃል እዚያው ተቀምጣለች። እናቷ ሦስተኛው ፎቶ ላይ ከንፈሯን ነክሳ የቆመችው ለምን ነበር? ግማሹ እውነት ተደብቆ ፎቶው ሊታይ? ደግሞ ነገ ለኢክላስም፣ ለሷም ይሄው ጥያቄ ይመጣል። ያኔም «የለም» ሊባል ነው?

«ሲስተር» አለች ቀስ ብላ። «እሱን ሰርዢው። እናቴ፣ እናቷ የሞተችባት በጡት ካንሰር ነው። ታላቅ እህቷም፣ ገና በአርባ ዓመቷ።»

ማንጠግቦሽ ቀና አለች። «እናትሽ ናቸው እንዲህ ያሉት?»

«አይደለችም። እኔ ነኝ።»

ማንጠግቦሽ «የለም» የሚለውን ሰርዛ «አለ» ብላ ጻፈች። «እዚህ የተጻፈ ለሰው አይወራም። እሳቸው ግን ማወቅ አለባቸው። ከኔ ከሚሰሙት ካንቺ ቢሰሙት ይሻላል።»

መጋረጃው ተገለጠ። ዓፊያ ሻሿን እያስተካከለች ወጣች። ማንበብ አትችልም፣ ስርዝ ግን ታውቃለች። ወረቀቱን አየች፣ ልጇን አየች።

«ምን ብለሻት ነው?» አለች በኦሮምኛ።

ሚስራ «ሽቶሽን ነው የጠየቀችኝ» ብትል እኮ ያልፋል፤ አንድም ሰው አይነቃባትም። አላለችም። ወንበሩን ሳበችላት።

«አዮ፣ እናቴ፣ እስቲ ቁጭ በይ።»

ዓፊያ ዓይኗን ከልጇ ሳትነቅል ቁጭ አለች። እናንተ ብትሆኑ፣ ምን ብላችሁ ትጀምሩላት ነበር?