ሰባተኛው ጆንያ ቀይ ስር

«ደም! እማዬ፣ ደም!»

ጩኸቱ የመጣው ከመጸዳጃ ቤት ነበር። ፌንጣ የሒሳብ ደብተሯን ወርውራ ስትሮጥ፣ እናቷ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ቀድማት ደርሳለች። የስድስት ዓመቱ ታናሽ ወንድሟ ሱሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ሽንቱን ያሳያቸዋል። ሽንቱ ሮዝ ነው።

«ልሞት ነው?» አለ።

እናት አዝላው ጤና ጣቢያ በረረች። ፌንጣም ጫማዋን በእጇ ይዛ ተከተለቻት። ነርሷ ሙቀቱን ለካች፣ ሆዱን ጫን ጫን አደረገች፣ ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ትናንት ምን በላ?»

«ቀይ ስር» አለች እናት።

«ከትናንት ወዲያስ?»

«ቀይ ስር።»

«ዛሬ ቁርስ?»

እናት ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። «ቀይ ስር በዳቦ!» አለ ሕመምተኛው፣ አልጋው ላይ ተኝቶ።

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ልጁ ምንም አልሆነም። እናንተ ግን ምን ሆናችሁ ነው?»

ምን እንደሆኑ ለማስረዳት ጊዜ ይፈጃል። የፌንጣ አባት ታላቅ እህት ገጠር ውስጥ ሰፊ ጓሮ አላት። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ወንድሟን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ስለዚህ እዚህ ቤት ውስጥ እሷን እምቢ ያላት ሰው የለም። ከስድስት ሳምንት በፊት አንድ ጆንያ ቀይ ስር በአውቶቡስ ላከች። አባት «አክስትሽን ደውለሽ አመስግኛት፤ ያንቺን ድምፅ ትወዳለች» አለ። ፌንጣ ደግሞ ምስጋና ከጀመረች ማቆሚያ የላትም።

«አክስቴ፣ እንደዚህ ዓይነት ቀይ ስር በሕይወቴ በልቼ አላውቅም! ተሻምተን ልንጨርሰው ነው!»

ያን ጊዜ ጆንያው ገና አልተፈታም ነበር።

በሳምንቱ ሁለተኛ ጆንያ መጣ። አለማመስገን ነውር ነው፤ አመሰገኑ። ሦስተኛ መጣ። ምስጋናው ጆንያ ይወልዳል፤ ጆንያው ደግሞ ምስጋና ይጠይቃል።

ያልሞከሩት ነገር አልነበረም። ቀቀሉት፣ ጠበሱት፣ ከሩዝ ጋር አደባለቁት። ፌንጣ ጁስ ልትሠራ ብላ የመፍጫውን ክዳን ረሳችው፤ ስኳር ልትበደር የመጣች ጎረቤት የኩሽናውን ግድግዳ አይታ «ማንን ነው የገደላችሁት?» ብላ ስኳሩን ሳትወስድ ወጣች። እናት በቀይ ስሩ ውሃ ነጭ ጨርቅ ነክራ ውብ ሮዝ ቀሚስ ሰፋች፤ ቀሚሱ አንዴ ሲታጠብ የታመመ ሰው ፊት መሰለ። ፀጉር አስተካካዩ አባት ደግሞ ለተላጨ ደንበኛ ሁሉ አንድ አንድ ፌስታል ቀይ ስር ያስታቅፍ ጀመር። ደንበኞቹ በመንገዱ በወዲያኛው ጠርዝ ማለፍ ጀመሩ። አንዱ ደፋር ብቻ በር ላይ ቆሞ «ቀይ ስር ከሌለ ልግባ» ብሎ ተደራደረ።

የፌንጣ ጓደኛም አልሰነፈችም። ሁሉን ነገር አውቃለሁ ስለምትል በክፍል ውስጥ «ፕሮፌሰር» ይሏታል።

«ኬክ ይሠራል ባክሽ! እንደውም ቾኮሌት ነው የሚመስለው» አለች።

ሠሩ። ትምህርት ቤት ወሰዱት። መጀመሪያ የቀመሰው ልጅ ረጅም ጊዜ አኘከና «አሪፍ ነው» አለ፤ «ግን አፈር አፈር ይላል።» ሁለተኛ የቀመሰ አልተገኘም።

ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ አባት በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ከጎኑ ሰባተኛው ጆንያ ቆሟል።

«አሁን ደረሰ» አለ፣ እንደ ጥፋተኛ።

እናት ልጁን አወረደችና ወገቧን ያዘች። «ዛሬ በቃ በላት።»

«እኔ? አዝላ አሳድጋኝ? በምን አፌ?»

«እኔማ ብናገር የወንድሜ ሚስት ናቀችኝ ትላለች።»

ሁለቱም ወደ ፌንጣ ዞሩ። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው።

ኩሽና ውስጥ ተሰብስበው ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ደወሉ።

«ደረሰ እናቴ?» አለች አክስት፣ ከሩቅ እንደሚጠራ ሰው እየጮኸች።

«ደረሰ አክስቴ!»

«እንዴት ነው የዛሬው?»

«ማር ነው!» አለች ፌንጣ። ቃሉ በራሱ ነው ከአፏ የወጣው። እናት ግንባሯን መታች።

«ተባረኪ! እኔም ይህን ስሰማ ነው ጉልበት የማገኘው። እንግዲህ ለናንተ ስል ቆርጫለሁ። የኮኩ ዛፍ ጥላ ቀይ ስሩን አላሳድግ ብሎታል፤ ነገ ጠዋት መጋዝ ያለው ሰውዬ መጥቶ ይጥልልኛል። ከዚያ በሳምንት ሁለት ጆንያ ነው የምልክላችሁ!»

የእናት እጅ ከግንባሯ ወደ አፏ ወረደ። ኮኩን የተከሉት የአክስት ሟች ባል ናቸው። አመሻሽ ላይ ሥራዋን ስትጨርስ ወንበሯን የምታወጣው እሱ ሥር ነው። ፌንጣም «ፌንጣ» የተባለችው ክረምት ክረምት በዚሁ ዛፍ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስትዘል አይታ አክስቷ ባወጣችላት ስም ነው።

አባት ወለሉን ያያል። እናት አባትን ታያለች።

«አክስቴ… ኮኩን አታስቆርጪው።»

«ለምን እናቴ?»

«ቀይ ስሩ ሰልችቶናል።»

አባት ዓይኑን ጨፈነ።

«ዛሬ ነው የሰለቻችሁ?»

«ቆይቷል።»

«ከስንተኛው ጆንያ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ግማሽ።»

ፌንጣ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። «ይጣፍጣል ያልኩሽ ሳልቀምሰው ነው። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። ይቅርታ አክስቴ።»

«እኔ ወገቤ እስኪቀነጠስ ውሃ እያመላለስኩ…» አክስት አቋረጠች። እንደገና ስትናገር ድምጿ ዝቅ ብሏል። «በስመ አብ! ኮኩን ለጥቂት አስቆርጠው ነበር!» ትንፋሿን አወጣች። «አባትሽ ይህን ያውቃል?»

ፌንጣ ቀና አለች። አባቷ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሁለት እጁን ያወናጭፋል። ከንፈሩ ያለ ድምፅ «የለም በያት! ወጣ በያት!» ይላል። እናት ድንገት ድስት መፈተግ ጀምራለች። ታናሽ ወንድሟ አፉን ይዞ ይንፈቀፈቃል።

«እናቴ? አባትሽ አጠገብሽ አለ ወይ?»

«የለም» ማለት ቀላል ነው። እንደ «ማር ነው» ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ፌንጣ አፏን ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች።

«አለ አክስቴ» አለች። «ይኸው።»

ስልኩንም ወደ አባቷ ዘረጋች።