ላጲስና ወደ ኋላ የዞረችው የስፌት መኪና

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ የሰፈሩ መንገድ ጭር ይል ነበር። ባለሱቁ በሩን ገርበብ አድርጎ ይሮጣል፤ ልብስ ስታጥብ የነበረችው እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ትገባለች፤ ኳስ ሲራገጡ የዋሉ ልጆች ኳሱን ሜዳ ላይ ጥለውት ይበታተናሉ። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ ቴሌቪዥን በሌላቸው ጎረቤቶች ጢም ብሎ ይሞላል። የዚህ ሁሉ ግርግር ምክንያት አንዲት አሮጌ የስፌት መኪና ነበረች።

ድራማው እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊ እናት፣ ዝንጉ አባትና ሁለት ልጆች በአንዲት ጠባብ ክፍል ይኖራሉ። እናትየው የስፌት መኪናዋን መዘውር ወደ ኋላ ስታዞር ሦስቱ የቀሚሷን ጫፍ ጭብጥ ያደርጋሉ። ክሩ ይወናጨፋል፣ ግድግዳው ይርገበገባል፣ ከዚያ እነሆ ሌላ ዘመን! አንድ ቅዳሜ የጥንት መጽሐፍ አታሚዎችን ጣታቸው በቀለም እንደተነከረ ያገኟቸዋል፤ ሌላ ቅዳሜ ካርታ ከሌላቸው መርከበኞች ጋር በማዕበል ይናጣሉ። አባትየው በሄደበት ዘመን ሁሉ አንድ እግር ጫማውን ረስቶ ይመለሳል። የከተማው ልብስ ሰፊዎች ግን ፍዳቸውን አዩ። ዞር ባሉ ቁጥር አንዱ ልጅ መዘውሩን ወደ ኋላ አሽከርክሮ ክራቸውን አወሳስቦት ይገኛል።

ድራማውን ከማንም በላይ የምትወደው በቴሌቪዥን ጣቢያው የቴፕ ክፍል የሚሠራ የአንድ ሰው እናት ነበረች። ልጇን ባልደረቦቹ «ላጲስ» ይሉታል። ሥራው የታየን ፕሮግራም ከቴፕ ላይ አጥፍቶ ቴፑን ለአዲስ ቀረጻ ማዘጋጀት ነው። ቴፑን በማግኔት ማሽኑ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ማሽኑ እንደ ትልቅ ንብ እዝዝዝ ይላል፣ በቃ። የተሳቀበትም የተለቀሰበትም እኩል ይጠፋል። ላጲስ በቅጽል ስሙ አይከፋም፤ እንዲያውም ይኮራበታል። አዲስ ቴፕ ውድ ነው፣ እሱ ደግሞ አንዱን ቴፕ እንደ ሃያ ያሠራዋል።

የድራማው ደራሲ እርሳስ ከፀጉሯ የማይለያት ቀጭን ሴት ነበረች። አንድ ቀን የቴፕ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ለመነችው።

«ወንድሜ፣ የእኔን ቴፖች እንኳ ተዋቸው። ምን አለበት?»

«እመቤቴ፣ የታየ ነገር የተጠጣ ሻይ ነው። ብርጭቆውን አጥበን ሌላ እንቀዳለን እንጂ ዝቃጩን እናስቀምጣለን?»

«ሻዩን ገና ያልጠጣስ?»

«በሰዓቱ ይምጣ!» አለና ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

አራተኛው ክፍል ላይ ባለ ስፌት መኪናዎቹ ሩቅ አልሄዱም። የሄዱት የገዛ ሰፈራቸው ድልድይ ሲሠራ ወደነበረበት ዘመን ነው። ደራሲዋ ያንን ጊዜ በዓይኑ ያየ ሰው ስታፈላልግ የላጲስን እናት አገኘች። ድልድዩ ላይ የተቀረጸው የመሐንዲሱ ስም ብቻ ነው። ድንጋዩን ከወንዝ እያወጡ ከእጅ ወደ እጅ ያቀበሉት ግን የሰፈሩ ሴቶች ነበሩ፤ እናትየው ያኔ አዲስ ሙሽራ ናት። ካሜራ ፊት ተቀምጣ የእነዚያን ሴቶች ስም አንድ በአንድ ጠራች።

ክፍሉ በሚታይበት ምሽት ቤቱ በጎረቤት ተጨናነቀ። እናትየው አዲስ ሻሿን አስራ ከፊት ተቀመጠች። መዘውሩ ወደ ኋላ መዞር ጀመረ፤ ግድግዳው ተርገበገበ፤ መብራት ድርግም! ሲመለስ ዜና አንባቢው ክራቫቱን ሲያስተካክል ደረሱ።

«ግድ የለም» አለች እናትየው ከሁሉም ቀድማ። «ይደግሙት የለም እንዴ?»

እንግዶቹ ሲሄዱ ግን ለልጇ ብቻ ሌላ ነገር ነገረችው። የዓይን ሐኪሙ ብርሃኗ ቀስ በቀስ እየደከመ እንደሚሄድ ነግሯት ነበር። «ዓይኔ ሳይከዳኝ ራሴን አንዴ ባየው ይበቃኛል» አለች። ላጲስም «ታዪዋለሽ እማዬ» ብሎ ተኛ። ሰኞ ሥራ ሲገባ ቴፖቹ እንደተለመደው ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ጠበቁት። እሱም እንደተለመደው የየትኛው ፕሮግራም እንደሆኑ እንኳ ሳያነብ አንድ በአንድ ማሽኑ ላይ ጫናቸው።

ድራማው ብዙ አልቆየም። ማስታወቂያ የሚያመጣ የትግል ውድድር ተገኘና የስፌት መኪናዋ ጥቂት ሳምንታት እንኳ ሳትጠግብ ተነሣች። ተመልካቹ ግን አልተኛም። ጣቢያው በስልክ ታመሰ፤ ልጆች በር ላይ ቆመው «መዘውሩን መልሱ!» እያሉ ጮኹ። አንድ ዓርብ ምሽት አስተዋዋቂዋ ፈገግ ብላ «በእናንተ ጥያቄ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ድራማው ከክፍል አንድ በድጋሚ ይቀርባል!» አለች።

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። እናትየው ብድግ ብላ የልጇን አንገት አቀፈች። «አላልኩህም? አላልኩህም?» ላጲስ ግን የሻይ ብርጭቆውን ሳይጠጣ አስቀመጠ። በእነዚያ ቴፖች ላይ አሁን ሁለት ግዙፍ ሰዎች አንገት ለአንገት ተናንቀዋል።

በማግስቱ ጠዋት አለቃው ጠረጴዛውን ደበደበ። «አጠፋኸው? አንድ እንኳ ሳታስቀር?»

«ጌታዬ፣ አጥፋ ስላሉኝ ነው።»

«አጥፋ ብልህ እንዲህ አጥፋ አልኩህ?»

ደራሲዋ አልጮኸችም። እርሳሷን ከፀጉሯ አውጥታ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «የእኔ መዘውር የሚዞረው በድራማ ብቻ ነው» አለች። ላጲስ በጩኸት ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ቤቱ ሄዶ ሁሉንም ለእናቱ ነገራት። እናትየው ወደ እሱ ዞረች።

«እኔን ጭምር አጠፋኸኝ?»

«ሳላውቅ ነው፣ እማዬ።»

«አንብበህ ቢሆን ታውቅ ነበር።» ዓይኖቿን ጠረገችና ድንገት ተነሣች። «በል ጫማህን አድርግ! የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ብለን ቤት ልንቀመጥ ነው? እነዚያን ሴቶች በስም ጠርቻቸዋለሁ። ልጆች አሏቸው። እናቱ በቴሌቪዥን ስትጠራ ሰምቶ በቤቱ ካሴት ያስቀረ አንድ ሰው አይጠፋም።»

ወጡ። የጣራ ሠሪው ሚስት ልጅ የቪዲዮ ዴኩን ሸጦታል። የዳቦ ጋጋሪዋ ልጆች ሰፈር ቀይረዋል። እናትየው ግን በየበሩ ትንሽ ትቆምና «ቆይ… ረጅሟስ?» ትላለች። ረጅሟ ድንጋይ ካቀበሉት ሴቶች አንዷ ናት፤ ልጇ ከድልድዩ ማዶ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ደንበኞቹን ለማስደሰት ቴሌቪዥንና ዴክ ቤቱ አስገብቷል። በዚያ ላይ ያን ምሽት መብራት የጠፋው ከድልድዩ ወዲህ ብቻ ነበር!

«ሩጥ!» አለች እናትየው። «አንቺስ?» አለ ላጲስ። «እኔን ይዘህ ሩጥ እንጂ!»

ፀጉር ቤቱ እስከ አፍ ገደፉ ሞልቷል። የትግሉ ፍጻሜ የሚተላለፍበት ሰዓት ነው። አንድ ደንበኛ ግማሽ ጢሙ ተላጭቶ፣ ግማሹ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ፣ አንገቱን አጣሞ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል።

«የረጅሟ ልጅ!» አለች እናትየው እያለከለከች።

«እማማ! ምነው በደህና?»

«እናትህን የጠራሁበትን ድራማ ቀድተኸዋል?»

«እንዴታ! ሌሎቹን በየሳምንቱ እላያቸው ላይ እቀዳባቸው ነበር፤ እሷን ግን ለእናቴ ብዬ አስቀመጥኳት። ይኸው እስከ ዛሬ…» ብሎ ድንገት ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። «ዛሬ ባዶ ካሴት አጣሁና… ያው ታይቶ አልቋል ብዬ…»

ላጲስ ወደ ዴኩ ዞረ። ቀይዋ መብራት በርታለች። ካሴቱ ይዞራል፤ ትግሉን እየቀዳ ነው።

«ታይቶ አልቋል» የሚለውን ቃል ዕድሜውን ሙሉ ሲናገረው ኖሯል፤ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው ግን እንደ ጥፊ አረፈበት። ወንበር ዘሎ፣ የሰው እግር ረግጦ ገመዱን ከግድግዳው መዥርጦ ነቀለው። ቴሌቪዥኑም አብሮ ጨለመ።

«ሰውዬው አብዷል!»

«ጥለፉት! ገና አንገቱን ሲይዘው ነበር!»

«እኔስ?» አለ ደንበኛው። «ግማሽ ፊቴን ይዤ ወዴት ልሂድ?»

«ዝም በሉ!» አለች እናትየው። ፀጉር ቤቱ ዝም አለ።

ገመዱ ተሰካ፤ ካሴቱ ወደ ኋላ ተጠንጥኖ ተከፈተ። መጀመሪያ ታጋዮቹ ጡንቻቸውን እያሳዩ ገቡ። የመዘውሩ መዞር፣ የግድግዳው መርገብገብ፣ ጉዞው ሁሉ በእነሱ ጀርባ ስር ተቀብሮ ቀርቷል። ከዚያ ስክሪኑ እንደ በረዶ ነጭ ሆነ፤ ተንጫጫ፤ ጠራ። ልብስ ሰፊዋ «እማማ፣ ይህን ድልድይ የሠራው ማን ነው?» ስትል ተሰማች። አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴትም ቀና አለች።

እናትየው አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋች። «ይቺ ናት እኔ? ይህን ያህል አርጅቻለሁ እንዴ?» ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት ስሞቹን መጥራት ስትጀምር ግን ሳቁ ቆመ። «…ረጅሟ መሃል ወንዝ ቆመች። ውኃው የሁላችንን ወገብ ሲይዝ የእሷን ጉልበት ነበር የሚይዘው። ከእሷ ቀጥላ ሣቂታዋ፤ ድንጋይ በጣለች ቁጥር የምትስቀው…»

ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን በደንበኛው ፎጣ ጠረገ። ደንበኛው ፎጣው ከአንገቱ ሲወሰድ እንኳ አላወቀም።

«ሣቂታዋ አያቴ ናት» አለ ደንበኛው ቀስ ብሎ። «በዚያ ድልድይ ላይ በየቀኑ ነው የምመላለሰው። ይህን የነገረኝ ሰው የለም።» ከዚያ እንደ ተወጋ ሰው ዘሎ ተነሣ። «እንዳትዘጉት! ልጆቼን ላምጣ!» ብሎ በግማሽ ጢሙ፣ አረፋውን በነፋስ እየበተነ ድልድዩን በሩጫ አቋረጠ።

ያን ቀን ካሴቱ ደጋግሞ ተከፈተ። ትግሉን ማን እንዳሸነፈ እስካሁን የጠየቀ የለም። ሰው ሁሉ ሲወጣ ላጲስ ካሴቱን በእጁ ያዘ። በስተጀርባው በኩል አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለች፤ ስትሰበር በላዩ ላይ ሌላ ነገር መቅዳት አይቻልም። ከማንም በላይ ያውቃታል፤ አንድም ቀን ግን ሰብሯት አያውቅም። መቀስ ተቀበለና ቀጭ! አደረጋት።

«ምን ሰበርክ?» አለች እናቱ።

«ላጲሱን፣ እማዬ።»

ጣቢያው በቀጣዩ ቅዳሜ ይቅርታ ጠይቆ ያቺን ግማሽ ክፍል አስተላለፈ። ከሌሎቹ ጥቂቶቹ በየሰው ቤት ተገኙ፤ መጽሐፍ አታሚዎቹና መርከበኞቹ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሱም፤ የሚመለሱም አይመስልም። ለደራሲዋም ቴፖቿ ሳይጠፉ የሚቀመጡበት መደርደሪያ በጣቢያው ተፈቀደላት። ላጲስን አሁን ባልደረቦቹ «ጥርስ ሰባሪ» ይሉታል፤ ይህንንም ስም ይኮራበታል።

ወገኖቼ፣ የስፌት መኪና መዘውር ወደ ትናንት የሚወስደው በድራማ ብቻ ነው። በእኛ ቤትም ታይቶ አልቋል ብለን የምንጥለው ፎቶግራፍ፣ ሰልችቶናል ብለን የምናቋርጠው የአረጋውያን ጨዋታ፣ ሳናነብ የምናጠፋው ድምፅ ብዙ ነው። ላጲስ ዛሬም ያ የሚያጓራ ማሽን አጠገብ ይሠራል፤ የሚጠፋ ነገር መቼም አይታጣም። ነገር ግን ማሽኑን ከማብራቱ በፊት ቴፑን ያነብና በሩን ከፍቶ ወደ ኮሪደሩ ይጮኻል፦

«ይህን ገና ያላየ ማን አለ?»