የቁልፉ አሻራ በየኔታ አፍ

«ይህ መጫኛ ከየት የመጣ ነው?»

«ከስማዳ።»

«ስማዳ በሬ አለቀበት ሲሉ ሰማሁ።»

«ባያልቅበት ኖሮ ቆዳው መች እዚህ ይመጣ ነበር? ትገዛ እንደሆነ ግዛ፤ ገበያተኛ አትከልክልብኝ!»

የምስጢሩ ቃል በትክክል ተመለሰ። የመጨረሻው ቁጣ ግን የሻጩ የራሱ ጭማሪ ነበረ።

ዓርብ ነው፤ ጥቅምት 2003 ዓ.ም.። ስንታየሁ በአርብ ገበያ ከተማ የገመድ ተራ ላይ የተጠቀለለውን መጫኛ ተቀብሎ በትከሻው ጣለ። በጠፍሩ እጥፋት ውስጥ ጥፍር የምታህል ፍላሽ ተሰፍታለች። ስንታየሁ የጊዜው ስሙ ነው። ለሚያየው ሁሉ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ የብራና መጻሕፍትን በስውር በሚጠብቀው መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ግን «ወይራ» ይባላል። ሻጩ ቀለመ ወርቅ «ግራር» ነው።

እዚህ ላይ መለያየት ነበረባቸው። ቀለመ ወርቅ ግን ዕቃውን ለጎረቤቱ አደራ ሰጥቶ ከጎኑ ተራመደ።

«ወገዳ ድረስ አብሬህ እሄዳለሁ።»

«ሕጉ አይፈቅድም።»

«በቆሎ ተማሪነት ከአንድ አኩፋዳ የበላን ሰዎች ነን። ዛሬ ሕግ ትጠቅስብኛለህ?»

ስንታየሁ ዝም አለ።

ያ ዝምታ ስሕተቱ ነበረ።

በስማዳ ከተማ በወገዳ የሚጠብቃቸው አንድ ኮምፒውተር ነው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት የተሸሸጉባቸው ቦታዎች፣ የጠባቂዎቻቸውም ስም በእርሱ ውስጥ ተመዝግቧል። ከውጭ የሚላክለትን የሶፍትዌር ጥቅል የሚቀበለው፣ በጥቅሉ ላይ ያለው ፊርማ በውስጡ ከተተከለው ይፋዊ ቁልፍ ጋር ሲስማማ ብቻ ነው። ቁልፉ እንደ ማኅተም ናሙና ነው። ናሙናው ሐሰተኛ ከሆነ፣ የሐሰተኛው ደብዳቤ ሁሉ እውነት ሆኖ ይገባል። የቀድሞው ቁልፍ ዘመኑ በዚያ ሳምንት ያበቃ ነበርና አዲስ መተከል ነበረበት። የብራና ሌቦች ይህን ያውቁ ነበር። ባለፈው ክረምት ሁለት ጠባቂዎችን ገድለዋል፤ አሁን የሁሉንም ስም ይፈልጋሉ።

ስለዚህ ቁልፉ በፍላሽ ተጭኖ በአንድ ሰው እጅ፣ የቁልፉ አሻራ በሌላ ሰው አፍ ይጓዛል። አሻራው ከቁልፉ የሚወጣ አርባ ምልክት ነው፤ አሃዝና የላቲን ፊደል ተደባልቆ። በወረቀት አይጻፍም። በቃላቸው የያዙት የኔታ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው፤ በጋይንት ስንታየሁንና ቀለመ ወርቅን በአንድ ጉባኤ ያሳደጉ የሰማንያ ዓመት መምህር። ቁልፉን እስከ ገበያው ያመጣው ቀለመ ወርቅና አሻራውን የያዙት የኔታ እንዳይገናኙ ሕጉ ያዛል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በወገዳ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ተገናኙ።

«ሁለታችሁንም በአንድ ቀን!» አሉ የኔታ። «ቀለመ ወርቅ፣ አንተስ ወፍረሃል። ይህ ምነው እንዲህ ከሳ?»

«ሥራ ነው፣ የኔታ» አለ ስንታየሁ።

«የሁለታችሁ ሥራ አንድ አይደለምን? አንዱን አወፍሮ ሌላውን የሚያከሳ ምን ዓይነት ሥራ ነው?»

ቀለመ ወርቅ ሳቀ። ከበሩ አጠገብ፣ ስክሪኑ በማይታይበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ስንታየሁ ፍላሹን ሰካ።

«ይበሉ፣ የኔታ።»

«ሰባት፣ ኤ፣ ሁለት፣ ኤፍ…»

በስክሪኑ ላይ ያለው አሻራ የሚጀምረው በአራት ነው።

ስንታየሁ እጁን አነሣ። «አይገጥምም።»

«እርጅና ነዋ!» አለ ቀለመ ወርቅ። «የኔታ ይቅር ይበሉኝና፣ ሰማንያ ዓመት የፈረንጅ ፊደል አይችልም። ትከለውና እንሂድ።»

«ዳዊትን በቃሌ ይዤ ይህን እረሳለሁ? አፍህን ያዝ!»

«ፍላሹን ከፍተኸው ነበር?» አለ ስንታየሁ ሳይዞር።

«እኔ አህያ ነኝ። እሸከማለሁ እንጂ አልፈታም።»

በየኔታ ጉባኤ አንድ ሥርዓት ነበረ። ባልንጀራው ሲሳሳት ሰምቶ ዝም ያለ ተማሪ፣ ከተሳሳተው እኩል ይገረፋል። ሰባት ዓመት በዚያ ሥርዓት ያደገ ሰው ስሕተት ሲሰማ ምላሱ ከልቡ ይቀድማል። ስንታየሁ ይህን በራሱ ያውቀዋል።

«እንግዲያ ያለውን ላንብበው፤ የኔታ ያስታውሱ ይሆናል» አለና በጉባኤው ዜማ ጀመረ። «አራት፣ ቢ፣ ዘጠኝ፣ ዜሮ፣ ኢ…» አሥራ ዘጠነኛው ላይ ደረሰ። የተጻፈው ሦስት ነበር።

«ስምንት» አለ።

«ሦስት!»

ድምፁ የመጣው ከበሩ አጠገብ ነበር።

ቀለመ ወርቅ አፉን በእጁ ሸፈነ።

«ባልከፈትከው ፍላሽ ውስጥ ያለውን አሻራ ማን አስጠናህ?» አለ ስንታየሁ።

ቀለመ ወርቅ ከልብሱ ሥር ሽጉጥ አወጣ።

«ትከለው» አለ ቀለመ ወርቅ። «ከሌቦቹ ጋር ገብቼበታለሁ፤ መውጫ የለኝም። ትከለው!»

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። በሁለቱ መካከል ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

«ለእኔ ስጠኝ።»

«ዞር ይበሉ፣ የኔታ።»

«ስጠኝ ብዬሃለሁ።» አፈሙዙን ያዙ።

ጥይቱ ወጣ።

ተኩሱን የሰሙ ሁለት የአካባቢው ሚሊሻዎች በሩን ገንጥለው ሲገቡ ቀለመ ወርቅ ሽጉጡን ጥሎ ተንበርክኮ ነበር። ስንታየሁ የየኔታን ሆድ በጋቢያቸው አጥብቆ አሰረ። አንደኛው ሚሊሻ ሐኪም ሊጠራ ሮጠ።

ቀለመ ወርቅ ከአንገቱ ክር በጥሶ ሌላ ፍላሽ አወጣ። «እውነተኛው ይህ ነው። ዛሬ ለሌቦቹ ላስረክባቸው ነበር።»

«አሁን ደግሞ በምን አምንሃለሁ?»

«እኔ አለሁ» አሉ የኔታ ከመሬት።

«አይናገሩ፣ ሐኪሙ ይምጣ…»

«ቁስሉን ተወውና ፍላሹን ሰክተህ ተመልከት። ሰባት፣ ኤ፣ ሁለት፣ ኤፍ…»

እየቆሙ፣ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ቀጠሉ። ስንታየሁ በስክሪኑ ላይ በጣቱ እያንዳንዱን ምልክት ተከተለ። ሃያ ላይ ገጠመ። ሠላሳ ላይ ገጠመ።

«…ሁለት፣ ሲ። ጎደለ?»

«አንድም አልጎደለም፣ የኔታ።»

አዲሱን ቁልፍ ተከለ። ዘመኑ ያበቃውን ነቀለ። ዞሮ ሲያይ የየኔታ ዓይን እጁን ታስሮ በቆመው በቀለመ ወርቅ ላይ ነበር። ከዚያም አልተመለሰም።

ስንታየሁ ሕጉን ጠብቆ ቢሆን ኖሮ፣ አዛውንቱ ያን ሽጉጥ አያዩትም ነበር። ይህን የሚጽፍበት ሪፖርት አልነበረውም።

ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ትእዛዝ አጭር ነው፤ «ውጣ። ቀብር አትቁም።»

እሑድ ወደ እስቴ ከተማ ወደ መካነ ኢየሱስ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ተሳፈረ። ለየኔታ ቀብር የሚጎርፈው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት ስለነበር መኪናው ቀስ እያለ ሄደ። አጠገቡ የተቀመጡ ጥቁር የለበሱ ባልቴት ዓይናቸውን ጠርገው ወደ እርሱ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ የኔታ ወልደ ጊዮርጊስን ታውቃቸው ነበር?»

«አላውቃቸውም፣ እናቴ።»

«ውይ! አምልጠውሃል» አሉ ባልቴቷ፣ ከልባቸው እያዘኑለት። ከዚያም እንዳይቀርበት ብለው ስለ የኔታ ከመጀመሪያው ጀምረው ይነግሩት ጀመር። እርሱም እስከ መካነ ኢየሱስ ድረስ፣ እንደማያውቅ ሰው ሆኖ አዳመጠ።