መስታወቴ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ቦሊን ዳዎየንን መጀመሪያ ያየው በእኔ መስታወት ውስጥ ነው። የታይዋኗ ታይፔ፣ ሺመን ሰፈር፣ ሁለት ወንበር ባላት ፀጉር ቤቴ። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። መቀሴ ሲሠራ ምላሴም አያርፍም።

ዳዎየን ጭንቅላቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ቦሊን ከሚሠራበት ቁርስ ቤት ትኩስ የአኩሪ አተር ወተት ይዞልኝ ገባ፤ እንደ ወትሮው።

«ይሄ ያልተሸለተ በግ የማን ነው?»

«ተጠንቀቅ፣ በጉ ነገ ያገባህ ይሆናል!» አለው ዳዎየን፣ በመስታወቱ እያየው።

ቦሊን እስከ ጆሮው ቀላ። ወተቴን ለእሱ ሰጠው። እኔ ጾሜን ዋልኩ።

እንዲህ ተጀመረ።

ዳዎየን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጠፋበት ቤት ነበረው። ወንዶች ተሰብስበው «በረዶ» የሚሉትን ዕፅ ያጨሱበታል። ሁለት ቀን ሳይተኙ ሰንብተው፣ ከማን ጋር እንደተኙ፣ ኮንዶም ይኑር አይኑር ሳያስታውሱ ይወጣሉ። ቦሊን ሲሰማ አንድ ነገር ብቻ አለው፦

«እኔ ወይ በረዶው።»

«አንተ!»

ዳዎየን ማለ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቅዳሜ መጥቶ ፀጉሩን ሰማያዊ አስቀባኝ።

«የበረዶ ጓደኞቼን ልሰናበታቸው ነው... ለመጨረሻ ጊዜ። ለቦሊን እንዳትነግሪው፣ እታለም።»

«ሞኝ!» አልኩት። ቀባሁት። አልተናገርኩም።

በዘጠነኛው ቀን ሁለቱም አብረው ተመረመሩ። ሁለቱም ከኤች አይ ቪ ነፃ ተባሉ። ዳዎየን ወረቀቱን መስታወቴ ላይ ለጠፈው።

«የጋብቻ ምስክራችን!»

እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮንዶሙን ተዉት። ሕጋችን ወንድ ከወንድ መጋባትን ይፈቅዳልና፣ መዝገብ ቤት ሄደው የሚፈራረሙበትን ቀን ቆረጡ።

ከወር በኋላ ቦሊንን ትኩሳት ጣለው፤ ሰውነቱ ሽፍ አለ። እንደገና ተመረመረ። ቫይረሱ ተገኘበት።

ፀጉር ቤቴ ሲገባ ዳዎየን ወንበሩ ላይ ነበር።

«ወደዚያ ቤት መጨረሻ የሄድከው መቼ ነው?»

ዳዎየን አቀረቀረ። ሰማያዊው ቀለም ከፀጉሩ ጫፍ ገና አልለቀቀም።

«ከምርመራው ዘጠኝ ቀን በፊት» አልኩ እኔ።

«የመረመረችን ነርስ ስላለፉት ሦስት ወራት አልጠየቀችህም? ያሰጋህ ነገር ካለ ቫይረሱ ቶሎ አይታይም፣ ተመለስ፣ አላለችም?» አለው ቦሊን።

«ብላለች...»

«ምን አልካት?»

«ምንም የለም አልኳት። አንተ ውጭ እየጠበቅከኝ፣ ተመለስ ብትለኝ ምን እልሃለሁ? እንዳላጣህ ፈራሁ!»

ቦሊን ወረቀቱን ቀስ ብሎ ከመስታወቱ ላጠው።

«ክኒኑን በየቀኑ እውጣለሁ፤ እኖራለሁም። ውሸትህን ግን በምን ውሃ ላውርደው?»

የፊርማው ቀን ደረሰ። ዳዎየን ሙሉ ልብሱን ለብሶ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ብቻውን ቆመ፤ እስኪዘጉ ድረስ። ቦሊን አልመጣም።

ይኸው ዓመት አለፈ። ዳዎየንም ተመርምሮ ተገኝቶበታል፤ ሁለቱም መድኃኒት ላይ ናቸው። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ስለወረደ ክኒኑን እስካላቋረጡ ድረስ በወሲብ ለማንም አያስተላልፉም። ዳዎየን ሁለቴ ወደ በረዶው ተመለሰ፤ በሦስተኛው ሙከራ ተወው። ማክሰኞ ይመጣል።

«ስለ እኔ ጠየቀ?»

«አልጠየቀም።»

ቦሊን ሐሙስ ይመጣል። አንድ ቀን ብቻ በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብሎ አየኝ።

«ወረቀቱ ሲለጠፍ አንቺም ታውቂ ነበር አይደል?»

«አውቅ ነበር።»

ፀጉሩን አሁንም የምቆርጠው እኔ ነኝ። ወተት ግን ከዚያ ወዲህ አምጥቶልኝ አያውቅም።