ማንኮራፋቱ ሲቆም

እሁድ ከምሳ በኋላ ቆራጩ ቤት የሄደ እንግዳ ከባለቤቱ ጋር ብዙ አያወራም። ሰውየው «እንዴት ሰነበታችሁ?» ብሎ ሶፋው ላይ ዘንበል ይላል፤ እንግዳው «ደህና» ብሎ ሳይጨርስ ያኛውን እንቅልፍ ወስዶታል። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሰው ይተነፍሳል። ቀጥሎ ከባድ ጠረጴዛ በሲሚንቶ ወለል ላይ የሚጎተት ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ የመስኮቱ መስታወት መልስ መስጠት ይጀምራል።

ማተሚያ ቤት ወረቀት ስለሚቆርጥ ሰው ሁሉ «ቆራጩ» ይለዋል።

«የጥጋብ ነው!» ይላል ጎረቤቱ እየሳቀ።

«ወንድ ልጅ ሲተኛ ቤቱ ይወቅለት እንጂ!» ይላሉ አብረውት የሚኖሩት እናቱ፣ ራሳቸው ያስተማሩት ሙያ ይመስል።

ሚስቱ ብቻ አትስቅም። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ከሶፋው አጠገብ ነው። ጆሮዋን የምታቆመው ለድምፁ አይደለም፤ ድምፁ ለሚቆምበት ጊዜ ነው።

ይቆማል። መሐል ላይ ቁርጥ ይላል። ደረቱ ይታገላል፤ የሚገባም የሚወጣም አየር ግን የለም። እንግዶቹ ትንሽ ይስቃሉ፤ ከዚያ ሳቁ ራሱ እያፈረ ይጠፋል። አንዱ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል። ክፍሉ በሙሉ ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል። ያን ጊዜ ሚስቱ ጨርቁን ከመርፌው ሥር ትታ በክርኗ ጎሸም ታደርገዋለች። ከጉድጓድ እንደወጣ ሰው አየሩን ይስባል፤ የገዛ ዘመዶቹን እንደ ባዕድ ያያል፤ ተመልሶ ይተኛል።

«ዱካክ እኮ ነው» ይላሉ እናቱ። «ጎሸም ሲያደርጉት ይለቀዋል።»

ሌሊትም ያው ነው። እጇን ጀርባው ላይ አድርጋ ትተኛለች፤ መተኛት ከተባለ። ትንፋሹ ሲቆም የእሷም ይቆማል። አንዳንዴ ከሁለታቸው ማን እንደሚተነፍስ ይጠፋታል። ጠዋት እሱ ራስ ምታት ይዞት ይነሳና «ምን ሆነሽ ነው ዓይንሽ ያበጠው?» ይላታል።

መሥሪያ ቤትም ክርን ነበረው። እዚያ ያለው ክርን ጠራዡ ነው፤ መጻሕፍት የሚጠርዝ የልጅነት ጓደኛው። ቆራጩ የወረቀት ክምር ደልድሎ አንገቱ እጥፍ ሲል፣ ጠራዡ በእንጨት መዶሻው ጠረጴዛውን ኳ ኳ ያደርጋል። ቆራጩ ቀና ይላል። አለቃው ብቅ ሲል ኳኳታው ይበረታል። ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል፣ ይስቃል፣ ይተባበራል። ባልንጀራን አሳልፎ መስጠት ነውር ነበር።

አንድ ቀን ከቢላው ሥር ብጣሽ ወረቀት ተቀረቀረ። ጠራዡ ሊያወጣው እጁን አስገባ። ማሽኑ አሮጌ ነው፤ የሚታዘዘው በእግር ነው። ቆራጩ ፔዳሉ አጠገብ ቆሞ ሲጠብቅ፣ እንደቆመ እንቅልፍ ወሰደው። ሰውነቱ ዘመመ፤ እግሩ ረገጠ። ኳ ኳ የሚያደርገው እጅ በዚያች ሰዓት ከቢላው ሥር ነበር።

ጠራዡ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ አጣ። ለአለቃው ግን «ሳልነግረው እጄን የከተትኩት እኔ ነኝ» አለ። ቆራጩም ይህንኑ አመነ። እንቅልፍ እንደወሰደው አያውቅማ!

ሚስቱ ግን አላመነችም። ልትጠይቀው ጠራዡ ቤት ሄደች።

«እውነቱን ንገረኝ። ተኝቶ ነበር?»

«አንቺ ደግሞ! ሰው አይደክመውም?»

«ለመሆኑ ብዙ ጊዜ ትቀሰቅሰዋለህ?»

«ኧረ ተይኝ እህቴ፤ አንዱ መዶሻ በሱ ምክንያት ነው የተሰነጠቀው።»

ልትስቅ ፈልጋ አልሆነላትም። «እንግዲያስ ሌሊት እኔ፣ ቀን አንተ፤ ተጋግዘን ደብቀነዋል። ታዲያ ይሄ ሰው መቼ ይታከም?»

ጠራዡ በፋሻ የታሸገ እጁን ገልበጥ አድርጎ አየ። «እኔ እኮ ጓደኝነት መስሎኝ ነው» አለ።

ቆራጩ እውነቱን ከሁለቱም አፍ ሰማ። በማግስቱ አለቃው ዘንድ ገብቶ ራሱ ተናገረ፤ ከቢላውም ተነሳ። ሐኪም ቤት ግን የሄደው ተጎትቶ ነው።

«እንቅልፍ እንኳ ሞልቶኛል፣ ዶክተር። ቁጭ ካልኩ በቂዬ ነው» አለ።

«ምግብ ባየ ቁጥር የሚሻማ ሰው የጠገበ ነው ወይስ የራበው?» አለችው ሐኪሟ።

ሽቦ ለጣጥፈውበት ሲተኛ አዩት። ውጤቱን ያስረዳችው እንዲህ ብላ ነው። «ሲተኙ የጉሮሮዎ ሥጋ ይላላና የአየር መተላለፊያውን ይዘጋዋል። አንጎልዎ ታፈንኩ ብሎ ያባንንዎታል፤ እርስዎ አያስታውሱትም። ሌሊቱን ሲታፈኑና ሲባንኑ ነው የሚያድሩት። ዝም ከተባለ ደም ግፊት ያመጣል፣ ልብን ይጎዳል፣ ለስትሮክም ያጋልጣል። ያንኮራፋ ሁሉ ይህ አለበት ማለት አይደለም፤ ትንፋሹ እየተቆረጠ የሚያንኮራፋና ቀን ድብታ የሚጥለው ሰው ግን መመርመር አለበት።»

በአፍንጫ ላይ በሚታሰር ጭንብል አየር እየገፋ ጉሮሮውን ክፍት የሚያደርግ መሣሪያ ታዘዘለት። ክብደት እንዲቀንስ፣ በጎኑ እንዲተኛ፣ ከመጠጥና ሐኪም ካላዘዘው የእንቅልፍ ኪኒን እንዲርቅ፣ እስኪሻለውም መኪና እንዳይነዳ ተነገረው።

ጭንብሉን ጥቂት ሌሊት ሞከረው። «ጠላቂ ዋናተኛ አስመሰላችሁኝ» ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ወረወረው። እናቱ ደገፉት። «ሰው ሲተኛ ይለጎማል እንዴ? ፈረስ ነው?»

በሚቀጥለው እሁድ እሱ ሶፋው ላይ እያንኮራፋ፣ ሚስቱ እየሰፋች፣ እናቱ ክርክሩን ቀጠሉ። «አባቱም እንዲሁ ነበር። ምን ሆነ? ማንንም ሳያስቸግር፣ እንደተኛ ሄደ። ለቀስተኛው ሁሉ ‹ታድሎ!› ነው ያለው።»

የስፌት መኪናው ቆመ። «እማዬ፣ የአባባም ትንፋሽ እንዲህ ይቋረጥ ነበር?»

«ይቋረጥ ነበር እንጂ! እኔም ያን ጊዜ ነበር ትንሽ የማሸልበው።»

«የሞቱ ለትስ?»

እናቱ መልሱ አፋቸው ላይ ነበር። ጀመሩት። «የዚያን ለት… ዝም አለ። ተመስገን፣ ዛሬስ አረፈ ብዬ… ፊቴን አዙሬ…»

አልጨረሱትም። የጎደለውን ሶፋው ላይ ያለው ሰው ሞላው፤ ማንኮራፋቱ ቁርጥ አለ።

ሚስቱ ክርኗን ስታነሳ እናቱ ቀድመዋት ደርሰዋል። በሁለት እጃቸው ትከሻውን ይዘው ናጡት። «ተነስ! ስማኝ፣ ተነስ!» የጠሩት ግን በራሱ ስም አልነበረም፤ በአባቱ ስም ነበር።

አየሩን ስቦ ነቃ። እናቱ እያለከለኩ ቁም ሳጥኑን ከፈቱ፤ ጭንብሉን አመጡ።

«አምጣ ፊትህን።»

«እማዬ፣ ሰው ቢያየኝስ?»

«አባትህን ‹ታድሎ› ያለ ሰው ነው? ይየው!»

መልመድ ቀላል አልነበረም። ጭንብሉ ጠበበ፣ ተቀየረ፤ አፍንጫው ደረቀ፣ ሐኪሟ መላ አበጀችለት። ቀስ በቀስ ራስ ምታቱ ለቀቀው፤ እንግዳ መጥቶ እስኪሄድ ድረስ ዓይኑ ተገልጦ ማውራት ጀመረ፤ ወሬው ያን ያህል እንደማያጓጓም ያኔ ታወቀ። ሚስቱ ግን ጸጥታውን ለማመን ከእሱ የበለጠ ጊዜ ፈጀባት።

እናቱ ባላቸው ስለሞቱባት ሌሊት ዳግመኛ አልተናገሩም። ልቅሶ ቤት ሲሄዱ ብቻ አንድ አመል አመጡ። ሰው «በእንቅልፉ ነው አሉ፤ ታድሎ!» ሲል ከተቀመጡበት ቀና ይላሉ።

«ያንኮራፋ ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ።

ሰው ይደነግጣል፤ አንዱ ይጎነትላቸዋል፤ አንዱ «እድሜ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እሳቸው ግን አይሰሙም። ዓይናቸው ከሐዘንተኞቹ መሐል የሟቹን ልጆች ይፈልጋል።

«ልጆቹስ?» ይላሉ። «ልጆቹስ ያንኮራፋሉ?»

መልሱን ሳይሰሙ አይነሱም።