ሞልቶ የማያውቅ ጉድጓድ

ቤት የሚገዛ ሰው ካርታውን ያገላብጣል፣ ጣሪያውን አንጋጦ ያያል፣ ጎረቤት ያጠያይቃል፤ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ክፈቱልኝ የሚል ግን ጥቂት ነው። ትርሲት ከነዚያ ጥቂቶች አንዷ ነበረች፤ ምክንያትም ነበራት። ጀሞ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ በስትሮክ አልጋ ላይ ከዋለች ሦስት ዓመት የሆናትን እናቷን ብቻዋን ታስታምማለች። የሞላ ፖፖ፣ የረጠበ ፍራሽ፣ ባልዲ ውስጥ ያደረ አንሶላ፤ ሽታው ከጠጉሯ፣ ከጥፍሯ ሥር፣ ከምትጎርሰው ምግብ ሳይቀር አልለቅ ብሏታል። እናቷን ትወዳለች። ስታጥባት ግን ትንፋሿን ይዛ ፊቷን ታዞራለች፣ በማዞሯ ደግሞ ታፍራለች። ምድር ላይ ያለ፣ ውሃውም ፍሳሹም የማያስቸግር ቤት ቶሎ ካላገኘች ወይ እናቷ ወይ እሷ ለከርሞ እንደማይደርሱ ገብቷታል።

አስኮ ያገኘችው ቤት ለዚህ ተብሎ የተሠራ ይመስል ነበር። ባለቤቲቱ እትዬ ብርቄ ልጅ ያልወለዱ ባልቴት ናቸው፤ ዝምተኛ፣ ነጠላቸው ላይ ጠብታ እድፍ የማይታይባቸው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ትርሲት ተካልኝ የሚባል ቧንቧ ሠራተኛ ይዛ ስትመጣ በረንዳው ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ተካልኝ ጉድጓዱ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተመጠጠ ጠየቃቸው።

«ተመጥጦ አያውቅም» አሉ። «ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሞልቶ አያውቅም።»

ተካልኝ ሳቅ አለ። በዚህ ሰፈር መጣጭ መኪና ያልገባበት ግቢ የለም፤ አፈሩ ጭቃ ነው፣ ፍሳሽ አያሰርግም። ጉድጓዱ ተሰንጥቆ ወደ ጎረቤት እየሄደ ይሆናል፣ እንዲህ ያለው ጣጣ ደግሞ ለገዢ ነው የሚተርፈው ብሎ ለትርሲት በጆሮዋ ነገራት።

ክዳኑን በፓሎ ብረት ፈልቅቆ ሲያነሳው ትርሲት እንደ ልማዷ ትንፋሿን ያዘች። መያዟ ከንቱ ነበር፤ ምንም የፍሳሽ ሽታ የለም። ከጨለማው የወጣው ለብ ያለ፣ እርጥብ፣ ጣፈጥ የሚል አየር ነው፤ ከእንቅልፉ የነቃ ሰው አፉን ሳይታጠብ አጠገቧ ያዛጋ መሰላት። ከየትኛውም ባልዲ ይልቅ ይህ አንገሸገሻት። ተካልኝ በባትሪ ወደ ታች አበራ። ጉድጓዱ ባዶ ነበር፤ ወለሉ፣ ግድግዳው፣ ጥጋጥጉ ሁሉ፣ አንድ ትል፣ አንዲት ዝንብ፣ የደረቀ አረፋ ምልክት እንኳ ሳይኖርበት፣ ውሻ የላሰው ሳህን ይመስል ያብለጨልጫል። ተካልኝ ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

መስመሩን ለማየት ወደ ሽንት ቤቱ ገቡ። ተካልኝ ረጅም ገመድ ጫፍ ላይ የታሰረውን ካሜራ በቧንቧው አፍ ለቀቀውና ሁለቱም ትንሿ ስክሪን ላይ አጎነበሱ። እትዬ ብርቄ በሩን ተደግፈው ቆመዋል። የመጀመሪያው ሁለት ሜትር ግራጫ ፕላስቲክ ነበር። ከዚያ ፕላስቲኩ ቀረና ሮዝ መልክ ያለው፣ ልስልስ፣ በወፍራም ለሃጭ የተሸፈነ ነገር መጣ፤ መብራቱ ሲነካው ጠበብ፣ ሲያልፈው ሰፋ ይላል። ከሥር፣ ከሴራሚኩ በታች፣ ጉልጭ፣ ጉልጭ የሚል፣ እንደ መዋጥ ያለ ድምፅ ተሰማ። ከሽንት ቤቱ እስከ ጉድጓዱ ዘጠኝ ሜትር ቢሆን ነው። ገመዱ ግን ሃያውን አልፎ ይሄዳል፤ ተካልኝ መግፋቱን ካቆመ ቆይቷል።

ስክሪኑ ጨለመ። ተካልኝ ገመዱን በሁለት እጁ ሲጎትት ከውስጥ የሆነ ነገር ያዘው፤ በኃይል ሳይሆን፣ ጥርስ የሌለው ሕፃን ጡት እንደሚይዝ ያዘው። ከዚያ ለቀቀው። ካሜራው ሞቆ፣ ለሃጭ እያዝረበረበ ወጣ፤ አንገቱ ላይ ክንድ የሚያህል ነጭ ሹሩባ ተጠምጥሞበታል፣ የሹሩባው ሥር ላይ ደግሞ ታኝኮ የተተፋ የሚመስል የራስ ቆዳ አለ። ትርሲት ዞራ መቀመጫው ውስጥ አስመለሰች። ውሃ የለቀቀ ሰው የለም። ያስመለሰችው ግን እያየችው ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ተሳበ፣ ጠርዙ ላይ የቀረችው ጠብታ ሳትቀር፣ ነጩ ሴራሚክ እስኪያበራ ድረስ።

እትዬ ብርቄ ጎንበስ ብለው ሹሩባውን አነሱ፤ በመሐረባቸው በጥንቃቄ ጠቀለሉት።

«የአማቴ ጠጉር ነው» አሉ። «አልጋ ላይ ነበረች። ስምንት ዓመት አጠብኋት።» መሐረቡን ቋጥረው ጨመሩ፦ «ደክሞኝ ነበር፣ ልጄ።»

ተካልኝ ገመዱን ሳይጠቀልል፣ መሬት ለመሬት እየጎተተ፣ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። መኪናው ስትነሳ ተሰማ። ትርሲትም ተከትላ ወጣች፤ የግቢውን በር ስትይዝ ግን ስልኳ ጠራ። እናቷን የምትጠብቅላት ጎረቤት ነበረች። እናቷ እንደገና ፍራሹ ላይ እንደተጸዳዳች፣ ግድግዳውንም በእጇ እንደቀባችው፣ ውሃው መጥፋቱን፣ እሷም ከእንግዲህ እንደማትችል ተናግራ፣ የት ነሽ ብላ ዘጋችው።

ትርሲት ብረቱን እንደያዘች ቆመች። የያዛት ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ወደ ታክሲው፣ ወደ ደረጃው፣ ወደ ባልዲው መመለስ አስጠላት፣ ማስጠላቱም ለመጀመሪያ ጊዜ አላሳፈራትም። እጇን ከብረቱ ላይ አንስታ ቀስ ብላ በግቢው አቋርጣ ተመለሰች። እትዬ ብርቄ እንደምትመለስ የሚያውቁ ይመስል ካሉበት አልተነቃነቁም ነበር።

«የአማትዎ አልጋ» አለች ትርሲት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የቱ ጋ ነበር?»